የመዝገብ ዕዳ፦ የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከአንኮበር እስከ ፈንታሌ

መግቢያ

1953 ዓ.ም. ሲባል ታሪክ ለሚያነብ ኢትዮጵያዊ ፈጥኖ ትዝ የሚለው የታኅሣሡ ግርግር ነው። የጀኔራል መንግሥቱ ንዋይና የወንድማቸው የገርማሜ ሙከራ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በአረንጓዴው ሳሎን የፈሰሰው ደም፣ ከዚያ በኋላም የተከተለው ሁሉ ብዙ ተጽፎበታል፤ ዛሬም ያከራክራል። የዚያኑ ዓመት ግንቦት የሚያስታውስ ሰው ግን ጥቂት ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. (ጁን 1 ቀን 1961) በሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ተዳፋት ላይ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ ካራ ቆሬ ክፉኛ ተጐዳች፤ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ መንገድ በናዳ ተዘጋ። ምድሩ ከዋናው ንዝረት በፊትም በኋላም ለወራት ሲርድ ከረመ። አንዱ ዓመት ሁለት መናወጥ አሳለፈ፤ ታሪካችን የመዘገበው ግን አንዱን ብቻ ነው።

ነገሩ የአንድ ዓመት ብቻ አይደለም። 1898 ዓ.ም. የሚታወሰው ራስ መኰንን በመጋቢት ያረፉበት ዓመት ሆኖ ነው፤ በነሐሴ አዲስ አበባን ያስደነገጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ተረስቷል። 1961 ዓ.ም. የሚነሣው ከተማሪው ንቅናቄ ጋር ነው፤ በመጋቢት ወር በአፋር ምድር የፈረሰችውን ሰርዶን የሚያነሣ የለም። 1981 ዓ.ም. የግንቦቱ የጀኔራሎች ሙከራ ዓመት ነው፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ የዶቢን ሸለቆ የሰነጠቀውን መንቀጥቀጥ ማን ያወሳል? ይህ መገጣጠም አንዳች ምስጢር የለበትም። ምድር በነገሥታት መውጣትና መውረድ አትመራም፤ እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ምልክት መቍጠርም የተማረ ሰው ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ መገጣጠሙ ስለ ምድር ባይነግረንም ስለ እኛ የሚነግረን አለ፤ ይኸውም ትኵረታችን ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥቱ በር ያዘነበለ መሆኑን ነው።

ይህ ጸሐፊ የታሪክ ተማሪ እንጂ የምድር ሳይንስ ሊቅ አይደለም። ስለሆነም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመሬት መንቀጥቀጥን ባሕርይ ማስተማር ሳይሆን፣ ስለ እርሱ ያለን እውቀት በማን፣ ለምንና እንዴት እንደ ተጠራቀመ መመርመር ነው። የጽሑፉም ክርክር በአጭሩ ይህ ነው፦ የምድራችንን መናወጥ የሚለኩት መሣሪያዎች ወደ አገራችን የገቡት አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ለጠየቁት ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው፤ መሣሪያዎቹን የኛ ያደረጋቸው ግን ካለፈው መዝገብ ጋር ያገናኟቸው ሰዎች ድካም ነው። መዝገቡ ከተቋረጠ መሣሪያው ብቻውን አያድንም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ዜና መዋዕሉ የሰማውና ያልሰማው

የግእዝ ጸሐፊዎቻችን ለነገሩ እንግዳ አልነበሩም። ድልቅልቅ የሚለው ቃል ከቅዱሳት መጻሕፍት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በዜና መዋዕሎችም ውስጥ የምድር መናወጥ ከፀሐይ መጨለም፣ ከአንበጣና ከቸነፈር ጋር በየቦታው ይነሣል። የታሪክ ተመራማሪው ችግር ዝምታውን መተርጐም ላይ ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊ የሚጽፈው ንጉሡ ከሰፈሩበት ቦታ ሆኖ ነው። ንጉሡ የዋሉበት ምድር ሲናወጥ ይጻፋል፤ ንጉሡ ያልደረሱበት ምድር ቢገለበጥም አይጻፍም።

አንኮበርን እንውሰድ። በ1841 መጨረሻ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከብርቱ ዝናብና ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ተያይዞ የወረደ ናዳ በአንኮበር ቤትና ሰው አጠፋ። ይህን የምናውቀው አንኮበር በሸዋ ካሉ አምባዎች ሁሉ ተለይታ የምትናወጥ ስለ ሆነች አይደለም። ቤተ መንግሥቱ በዚያ ስለ ነበረና በዚያው ወቅት በካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በሸዋ ተቀምጦ ያየውን ይጽፍ ስለ ነበር ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በሜይ 1861፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ከኤድ ብዙ ሳይርቅ የዱቢ ተራራ ፈነዳ። መንደሮች ጠፉ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ስለዚህም የምናውቀው በኤደን የነበሩ እንግሊዞች ወሬውን ሰብስበው ወደ አገራቸው በመጻፋቸው ነው። በ1921 ምጽዋን የጐዳው የመሬት መንቀጥቀጥም በሚገባ የተመዘገበው የጣልያን ቅኝ አገዛዝ ሹማምንትና ሕንፃዎች በወደቡ ላይ ስለ ነበሩ ነው።

እንግዲህ የጥንቱን የመሬት መንቀጥቀጥ በካርታ ላይ ብንነቅስ የምናገኘው ሥዕል የምድሪቱ የመናወጥ ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሰዎች የት የት እንደ ነበሩ የሚያሳይም ሥዕል ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚናወጠው የአፋር ምድር በዚህ ካርታ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ባዶ ሆኖ ይታያል። ሦስት የምድር ቅርፊት ክፍሎች፣ የዐረብ፣ የኑብያና የሶማሌ ፕሌቶች፣ የሚለያዩት በዚያ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። እንዲህ ባለ ምድር ላይ የመዝገብ ዝምታ የምድር ዝምታ ሊሆን አይችልም። አፋሮች አላዩም፣ አልተናገሩም ማለትም አይደለም፤ ሄዶ የጠየቃቸው አልነበረም እንጂ።

በዚህ ረገድ የነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. (ኦገስት 25 ቀን 1906) መንቀጥቀጥ የሁለት ዘመናት መገናኛ ነው። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ገና ሃያ ዓመት ነበራት። መናወጡን በከተማዪቱ የነበሩ የአገሬው ሰዎችና የውጭ ዜጎች ሰሙት፤ በዚያው ጊዜም በአውሮፓ የተተከሉ ሲስሞግራፎች መዘገቡት። መነሻው ላንጋኖ አካባቢ እንደ ነበረ በኋላ የተደረገው ምርምር ያመለክታል፤ መጠኑም ከ6.5 እስከ 6.8 ይገመታል። መጠኑን ለመስጠት የሩቁ መሣሪያ አስፈለገ፤ ቦታውን ለማቃናት ግን የቅርቡ ሰው ምስክርነት የግድ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው ጐዶሎ ነው።

መሣሪያው ለምን መጣ?

በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው በ1957 ነው። አመሠራረቱን ልብ ብሎ ለሚመለከት አንድ የሚያስገርም ነገር ይታየዋል፤ ዋናው ምክንያት የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም። ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ ሲታወጅ የዓለም ሳይንቲስቶች ምድርን በአንድ ጊዜ ከብዙ ቦታ ለመለካት ተስማሙ። አዲስ አበባ የምትገኘው በማግኔታዊው የምድር ወገብ አቅራቢያ ነው። በዚህ መሥመር ላይ ከምድር በላይ ባለው አየር የሚፈስሰው የኤሌክትሪክ ጅረት የምድርን ማግኔታዊ መስክ በልዩ ሁኔታ ይለዋውጠዋል፤ ያንን ለመከታተል በአካባቢው ጣቢያ ያስፈልግ ነበር። ዓለም የፈለገው ቦታችንን እንጂ አደጋችንን አልነበረም።

ሥራውን የተረከቡት አባ ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጣልያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶችን እንዲያቋቁሙላቸው የጋበዟቸው የካናዳ ኢየሱሳውያን፣ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት፣ በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ከፍተው ነበር። ኦብዘርቫቶሪውም በዚሁ ኮሌጅ ሥር ሆኖ አራት ኪሎ ተተከለ። አባ ጉዌን የማግኔቱን ልኬት እየመሩ ቀስ በቀስ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ጨመሩበት። የ1961ዱ የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ሲደርስ በአገሪቱ ውስጥ ንዝረቱን የሚመዘግብና የሚያጠና ሰው የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ የመጣው በሌላ ጥያቄ ነው። በ1958 በጄኔቫ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ከምድር በታች የሚደረግን የኑክሌር ፍንዳታ ከተፈጥሮ መንቀጥቀጥ መለየት ይቻል እንደ ሆነ ተከራክረው ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ከዚህ ክርክር በመነሣት አንድ ዓይነት መሣሪያ የታጠቁ 120 ያህል ጣቢያዎች በ60 ያህል አገሮች እንዲተከሉ ገንዘብ መደበ። አዲስ አበባ ከጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች። መሣሪያዎቹ ስድስት ነበሩ፤ ሦስቱ ፈጣኑን፣ ሦስቱ ዘገምተኛውን ንዝረት የሚመዘግቡ። መዝገቡ የሚሣለው በሚዞር ከበሮ ላይ በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ሲሆን ወረቀቱ በየቀኑ ይለወጣል፣ ይታጠባል፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል። በፊልም እንዲቀዳ ወደ አሜሪካ ይላካል፤ ዋናው ወረቀት ለጣቢያው ይመለሳል። ስማቸው በየትኛውም የጥናት ጽሑፍ ራስጌ ላይ ያልሰፈረ የኦብዘርቫቶሪው ሠራተኞች ይህን ሥራ ቀን በቀን ሲሠሩ ኖረዋል።

የቀዝቃዛው ጦርነት ስጋት ያስተከለው ይህ መረብ ያስገኘው ውጤት ከታሰበለት በላይ ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥ በዓለም ላይ በዘፈቀደ ሳይሆን በጠባብ ቀበቶዎች ተሰልፎ እንደሚገኝ በጥራት የታየው በእነዚህ ጣቢያዎች መዝገብ ነው፤ የፕሌቶች እንቅስቃሴ ትምህርትም በ1960ዎቹ መጨረሻ ጸንቶ የቆመው በዚህ ማስረጃ ነው። ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና ስምጥ ሸለቆአችን የሚገናኙበት የአፋር ምድር በዚህ ትምህርት ውስጥ ታላቅ ስፍራ አገኘ፤ ውቅያኖስ ሲወለድ በየብስ ላይ ቆሞ ማየት ከሚቻልባቸው ጥቂት የዓለም ስፍራዎች አንዱ ነውና። ከዚያ በኋላ የመጣው አጥኚ ሁሉ፣ በየዘመኑ መሣሪያ ተሸክሞ፣ ይህን ጥያቄ ሊመልስ የመጣ ነው።

ይህን የምለው የውጭውን ሰው ለመክሰስ አይደለም። ሳይንስ የሁሉ ነው፤ መሣሪያውም የመዘገበው የኛኑ ምድር ነው። ይሁን እንጂ «ውቅያኖስ እንዴት ይወለዳል?» የሚለው ጥያቄና «የማጀቴ ሰው ቤቱን እንዴት ይሥራ?» የሚለው ጥያቄ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ተመራማሪውን ከሩቅ ይስባል፤ ሁለተኛው የአገሬውን ባለቤትነት ይጠይቃል።

ከካራ ቆሬ እስከ መጽሐፉ

የአባ ጉዌን ታላቅነት፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ የተሰጣቸውን መሣሪያ ለሁለተኛው ጥያቄ ማዋላቸው ነው። ከካራ ቆሬ ስምንት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. (ማርች 29 ቀን 1969) ሰርዶ ፈረሰች። ሰርዶ በአሰብ መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቈሰሉ። በሳምንቱ ሌላ ብርቱ መንቀጥቀጥ ደገመ። እዚህ ላይም የምንጮች ሕግ ይታያል። የአፋር ምድር ከዚያ በፊትም ይናወጥ ነበር፤ ነገር ግን በ1969 መንገድና ከተማ፣ በአዲስ አበባም ሲስሞግራፍ ስለ ነበረ አደጋው ወደ ታሪክ ገባ።

መሣሪያ በአገር ውስጥ ከተተከለ ገና ጥቂት ዓመታት ማለፋቸውን የተረዱት አባ ጉዌን ወደ ኋላ ተመለሱ። ዜና መዋዕሎችን፣ የመንገደኞችን ማስታወሻ፣ የሚሲዮናውያንን ደብዳቤ፣ የቅኝ ገዢዎችን ዘገባና የውጭ ጣቢያዎችን መዝገብ እየመረመሩ ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ያለውን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ አሰባሰቡ። ምስክሩ ማን ነው? የት ቆሞ ነበር? በዓይኑ አየ ወይስ ሰማ? ቀኑን በየትኛው አቈጣጠር ጻፈ? እነዚህ የታሪክ ጸሐፊ ጥያቄዎች ናቸው፤ ካህኑ የፊዚክስ ሰው ግን የታሪክ ጸሐፊውን ሙያ ከብዙዎቻችን በተሻለ ጥንቃቄ ሠሩበት። ከዚህ ሥራ በ1976 የአገሪቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት በቀጠና የሚከፍል ጥናት ወጣ፤ በ1979 ደግሞ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው ታተመ።

መጽሐፉ የታተመው በኦታዋ ነው፤ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። በዚያን ጊዜ በአገር ቤት የነበረውን የምናውቅ ሰዎች በዚህ አንደነቅም። የምድራችን የመናወጥ መዝገብም እንደ ብዙዎቻችን ከአገሩ ውጭ ተጠለለ።

የዚህ መዝገብ ጥቅም በመደርደሪያ የሚቀር አይደለም። በ1983ም ሆነ በ1995 የወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንቦች ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሲደነግጉ መሠረታቸው የስጋት ካርታ ነበር፤ የስጋት ካርታም ካለፈው መዝገብ በቀር ሌላ መነሻ የለውም። የ1995ቱ ደንብ ታሳቢ ያደረገው በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል የሚባለውን ንዝረት ነው። ሌላው ዓለም ለተራ ሕንፃ እንኳ በ475 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን ሲያሰላ የኛ ደንብ በመቶ ዓመት መወሰኑን የነቀፉ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል በስደት የሚኖሩ ይገኙበታል። በ2015 የወጣው ደንብ ይህን አሻሽሎ ወደ 475 ዓመት ተሸጋገረ። እዚህ ላይ አንባቢ ቍጥሩን ልብ ይበል። በአገራችን ምድር ላይ የተተከለ ሲስሞግራፍ ዕድሜው ሰባ ዓመት እንኳ አልሞላም። የ475 ዓመት ስጋት የሚያሰላ መሐንዲስ ከመሣሪያው መዝገብ በፊት ያለውን አራት መቶ ዓመት ከወዴት ያመጣል? ከብራናው፣ ከደብዳቤውና ከሽማግሌው ቃል ነው። ስለዚህ የታሪክ ጸሐፊው ያላነበበው ሰነድ በምሰሶው ውስጥ ጐድሎ የሚቀር ብረት ይሆናል።

የተቀባዮቹ ዘመን

አባ ጉዌን ኦብዘርቫቶሪውን ለሃያ ዓመት ያህል መርተው ከአገር ወጡ። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲው ምን እንደ ደረሰበት ለዚህ መጽሔት አንባቢ መተረክ አያስፈልግም። መምህሩ ታሰረ፣ ተገደለ፣ ተሰደደ። ኦብዘርቫቶሪው ግን አልተዘጋም። ከአባ ጉዌን በኋላ ኃላፊነቱን ከተሸከሙት አንዱ ዶክተር ላይከ ማርያም አስፋው ናቸው። በ1982፣ ከአዲስ አበባ ሆነው፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ስለሚያስከትላቸው የመሬት ስንጥቆች ኔቸር በተባለው ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ጽሑፍ አወጡ። እኛ ከአገር ወጥተን ስለ አገር ስንጽፍ፣ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ሆነው የተሰነጠቀውን መሬት እየዞሩ ይለኩ ነበር። ይህን ሳንመሰክር ብንቀር በደል ነው።

በኦገስት 1989 የዶቢው መንቀጥቀጥ በአሰብ መንገድ ላይ ጉዳት ሲያደርስ መንግሥቱ በሰሜኑ ጦርነት ተወጥሮ ነበር። ከ2001 እስከ 2003 ድረስ ደግሞ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስምጥ ሸለቆው ላይ ብዛት ያላቸው ጊዜያዊ ጣቢያዎችን ተክለው ታላቅ ጥናት አካሄዱ። ጥናቱ ሲፈጸም መሣሪያዎቹ ተነቀሉ፤ የተሰበሰበው መረጃ አሜሪካ በሚገኝ የመረጃ ማዕከል ተቀመጠ፤ የፈለገ ሁሉ ሊያገኘው ይችላል።

ከዚያ በኋላ የ2005 ሴፕቴምበር መጣ። በአዲስ አበባ የምርጫው ውዝግብ ደም ባፋሰሰበት ወቅት፣ በሰኔውና በጥቅምቱ ግድያ መካከል፣ በአፋር በዳባሁ ተራራ አካባቢ ምድር ተከፈተች። ቅልጥ ዐለት ከታች ገፍቶ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገባ፤ መሬቱ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራራቀ። ይህ ሁሉ የሆነው በሳምንታት ውስጥ ነው። በስፍራው ቋሚ ጣቢያ ስላልነበረ መጀመሪያ የታወቀው በሩቅ ጣቢያዎችና በሳተላይት ራዳር ነበር። በአካባቢው ጊዜያዊ ጣቢያዎች የተተከሉት በጥቅምት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም ዶክተር ገዛኸኝ ይርጉና ዶክተር አታላይ አየለ፣ ፈጥነው ከተመራማሪዎቹ ጋር በጥናቱ ተሰለፉ። አፋር አርብቶ አደሮችም ያዩትንና የሰሙትን መሰከሩ። ለብዙ መቶ ዓመታት ያልተጠየቀው ምስክር በዚህ ጊዜ ተጠየቀ፤ ቃሉም በሳይንስ መጽሔት ውስጥ ገባ። በዚህ ጸሐፊ ዓይን የ2005ቱ ታላቅ ነገር የመሬቱ መከፈት ብቻ ሳይሆን ይህም ጭምር ነው።

ፈንታሌና የአዲስ አበባ እንቅልፍ

ከሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል፣ በአዋሽ ወንዝ አካባቢ፣ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ተነሣ። በጥር መጀመሪያ 2025 መጠኑ ወደ 5.8 የተጠጋ፣ በፌብሩዋሪ 14 ቀን ደግሞ 6.0 የደረሰ ንዝረት ተመዘገበ። በአፋርና በኦሮሚያ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። በአዲስ አበባ በፎቅ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች በሌሊት እየነቁ ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ ደጅ ሮጡ። እኛም በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርትና በጅዳ ሆነን «ደኅና ናችሁ ወይ?» እያልን ስልክ ስንደውል አነጋን።

በዚያ ሰሞን ከብዙ ሰው አፍ የተሰማው ቃል «እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም አይታወቅ» የሚል ነበር። ታይቶ ይታወቃል። በ1906 የላንጋኖው መንቀጥቀጥ የለቀቀው ኀይል በ2025 ከተመዘገበው ትልቁ ከአምስት እስከ ዐሥራ ስድስት እጥፍ እንደሚበልጥ ከመጠኖቹ ማስላት ይቻላል። ሁለቱም የደረሱት ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው። የ1906ቷ አዲስ አበባ የጭቃና የሣር ክዳን ቤቶች፣ የድንኳንና የጥቂት ሕንፃዎች ከተማ ነበረች። የዛሬዪቱ በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው በፎቅ ላይ ፎቅ የሚኖርባት ናት። አዳማና ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ሰፍተዋል። ሰመራ ከፈረሰችው ከሰርዶ ብዙ ሳትርቅ ተቈርቍራለች። ከሚሴ፣ አጣዬና ካራ ቆሬ በዚያው በ1953 ዓ.ም. በተናወጠው ሸለቆ ዳርቻ ላይ ናቸው። አደጋው አልተለወጠም፤ ለአደጋው የተሰጠው ሰው ግን በዛ።

በኖቬምበር 23 ቀን 2025 ደግሞ በአፋር የኻይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ላይ አልፎ እስከ ሕንድ ተጓዘ። የአመዱን ጉዞ ዓለም የተከታተለው በሳተላይት ሲሆን ለአውሮፕላኖች ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ማዕከል የሚገኘው በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ነው። በ1861 የዱቢ ፍንዳታ ዜና ለዓለም የተነገረው ከኤደን በተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ከመቶ ስድሳ አራት ዓመት በኋላም ስለ ምድራችን የሚነገረው ዜና ዞሮ የሚደርሰን ከውጭ ነው። መንገዱ ፈጠነ፤ አቅጣጫው ግን እምብዛም አልተለወጠም።

የመዝገብ ዕዳ

የመሬት መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚደርስ ቀኑን ለይቶ የሚናገር ሳይንስ የለም። ሳይንስ የሚችለው የት፣ ምን ያህልና በስንት ዘመን ሊደጋገም እንደሚችል መገመት ነው። ይህም ግምት የሚቆመው በተከታታይ መዝገብ ላይ ነው። በሁለት ታላላቅ መንቀጥቀጦች መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ሰው ዕድሜ ይረዝማል፤ ከአንድ መንግሥት ዕድሜማ፣ እንዳየነው፣ በብዙ ይረዝማል። ስለሆነም ይህን እውቀት ሊሸከም የሚችለው ከሰውም ከመንግሥትም የሚረዝም ተቋም ብቻ ነው። የአራት ኪሎው ኦብዘርቫቶሪ፣ ዛሬ ስሙ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ተቋም ሆኖ፣ ከንጉሡ፣ ከደርጉና ከኢሕአዴግ አገዛዝ በላይ ዘልቋል። ባለን ጥቂት የጸና ተቋም ልንኮራ ይገባል፤ ኵራቱ ግን ከዕዳ ነፃ አያደርገንም።

በስደት ያለን ምሁራን አብዛኛውን ጉልበታችንን የምናውለው ስለ መንግሥት መናወጥ በመጻፍ ነው። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ይህ ጸሐፊም ከዚያው ማኅበር ነው። ነገር ግን በእጃችን ያለና በአገር ቤት የሌለ ነገር አለ። የግእዝና የአማርኛ ብራናዎች በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ በኅዳጋቸው ላይ የተጻፈውን የድልቅልቅ ማስታወሻ ፈልጎ ማውጣት ለቋንቋው ባለቤት ከማንም ይቀልለዋል። የኦብዘርቫቶሪው የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ወረቀቶች የፊልም ቅጂ በአሜሪካ ይገኛል፤ በአዲስ አበባ ካለው ዋና ወረቀት ጋር አስተያይቶ የጐደለውን መሙላት ለአንድ ተመራቂ ተማሪ የሚበቃ ሥራ ነው። ከዚህም ሁሉ የሚቸኵለው ሌላ ነው። የ1953 ዓ.ም.ን የካራ ቆሬ መናወጥ በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ሰባውን አልፈዋል። የሰርዶንም ያዩ እንዲሁ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በስደት አገር በልጆቻቸው ቤት ተቀምጠዋል። የትኛው ቤት ወደቀ? የትኛው ቆመ? ግድግዳው ከምን ተሠርቶ ነበር? ምንጩ ደረቀ ወይስ ፈለቀ? እነዚህ ጥያቄዎች ቴፕና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃሉ፤ መልሳቸው ግን ከባለቤቱ ጋር የሚቀበር ነው።

አባ ጉዌን ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ምን እንደ ሠሩ መጥቀስ ይገባል። በኢትዮጵያ የሠሩበትን ሙያ ወደ ኬቤክ ወሰዱት፤ ከ1534 ጀምሮ ያለውን የተወለዱበትን ምድር የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ሰነዶች መርምረው በ2001 አሳተሙ። በኛ ምድር ላይ፣ በኛ ብራናና በኛ ሽማግሌ ቃል የዳበረው ጥበብ ለአገራቸው ሰው ቤት መጠበቂያ ሆነ። ሰውዬው ዕዳቸውን ሁለት ጊዜ ከፍለዋል፤ አንዴ ለእንግድነት አገራቸው፣ አንዴ ለትውልድ አገራቸው። የኛ ገና አልተከፈለም። የማጀቴን ስም በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ፣ ከታኅሣሡ ግርግር ቀጥሎ በአንዲት መሥመር እንኳ መጻፍ ለመጀመሪያው ክፍያ ይበቃል።